ፈንገስ የሚለይ ዓይን ማሠልጠን፦ ለላቦራቶሪና ለሕክምና ባለሙያዎች የተግባር መመሪያ

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ አንድ የቆዳ ናሙና አየሁና «ፈንገስ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ረጅም፣ የሚያበራ፣ የተጠማዘዘ ክር ነበር። ደስ ብሎኛል። አጠገቤ የነበረች ሲኒየር ባልደረባዬ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ቅርንጫፍ አለው? ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው? ውስጡ የተከፋፈለ ነው?» አለችኝ። ምንም የለውም። ያየሁት የጥጥ ክር ነበር። ቆዳውን ከጠረግንበት ጥጥ የተረፈ።

ሪፖርቱ ስላልወጣ ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ስልጠና ስሰጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ፈንገስ ማነው?» ብዬ አይደለም። «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ነው። ስም ኋላ ይመጣል። የላቲን ስም ሸምድዶ የመጣ ሰልጣኝ ያላየውን ያያል። ያየውን በራሱ ቃል መግለጽ የሚችል ሰው ግን ስሙን ባያውቀው እንኳ ሐኪሙን ይረዳል።

ይህ መመሪያ በሆስፒታል ወይም በክልል ላቦራቶሪ እንዲህ ያለ ስልጠና ለማዘጋጀት ለምታስቡ ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ይምጣ?

ከ12 ሰው በላይ አትጥሩ። ለሁለት ሰው አንድ ማይክሮስኮፕ ካልደረሰ ስልጠናው ፓወር ፖይንት ሆኖ ያልቃል።

ከእያንዳንዱ ተቋም ሁለት ሰው ይምጣ። አንዱ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሌላው ናሙና የሚወስድ ወይም የሚያዝ፦ ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ነርስ። ለብቻ ለብቻ ስታሠለጥኗቸው ምን እንደሚሆን አይቼዋለሁ። ሐኪሙ «ላቦራቶሪው ምንም አያገኝም» ይላል። ላቦራቶሪው ደግሞ «የሚላክልን ናሙና አይረባም» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚፈታው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልጠና ሲባል የአበል ወረፋ የደረሰው ሰው የሚላክበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የጥሪ ደብዳቤው ላይ «በየቀኑ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚሠራ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

አምስት ቀን ይበቃል። ዝግጅቱ ግን ከስድስት ሳምንት በፊት ይጀመር። የቆዳና የፀጉር ፈንገስ ካልቸር (ናሙናው ተዘርቶ የሚያድግበት ሳህን) ላይ ለማደግ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ሰኞ ዘርታችሁ ዓርብ የምታሳዩት ነገር የለም።

ሁለተኛ፦ የትኞቹን ፈንገሶች ታስተምራላችሁ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ቅድሚያ የሚሰጣቸው ያላቸውን 19 ፈንገሶች ዘርዝሯል። ከላይ በአስጊነት የተቀመጡት አራት ናቸው፦ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ፣ ካንዲዳ አውሪስ፣ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ እና ካንዲዳ አልቢካንስ። ዝርዝሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን በእሱ አልጀምርም። ሰልጣኙ ነገ ጠዋት በሚያገኘው በሽተኛ እጀምራለሁ።

ለእኛ አገር ይህ ማለት ቆረቆር፣ ጭርትና ቋቁቻ ነው። ቀጥሎ የአፍና የሴት ብልት ካንዲዳ፣ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ደግሞ የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር። አስፐርጊለስና ሙኮር የሚባሉት ሻጋታዎች መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

ሦስተኛ፦ የስላይድ ባንክ

ስልጠናውን የሚሸከመው ይሄ ነው። ለእያንዳንዱ እውነተኛ የፈንገስ ስላይድ አንድ አታላይ ስላይድ አዘጋጁ። ለፈንገስ ክር የጥጥ ክር። ለእርሾ (ክብ፣ ባለ አንድ ሴል ፈንገስ) የአየር አረፋ ወይም የጓንት ዱቄት። የጓንት ዱቄት ስታርች ነው፤ ክብ ክብ ሆኖ ብዙ ሰው ያሳስታል። ለትልልቅ ስፖር የአበባ ብናኝ።

አንድ ሌላ አታላይ አለ፤ «ሞዛይክ» ይሉታል። ኬኦኤች (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ያለሰለሰው ቆዳ ላይ በሴሎች ድንበር መካከል የሚታይ መረብ ነው። የፈንገስ ክር ይመስላል። ልዩነቱ፦ ሞዛይኩ የሴሎቹን ዙሪያ ተከትሎ ይሄዳል፣ ስፋቱም ወጣ ገባ ነው። እውነተኛው ክር ግን የሴሎቹን ድንበር አቋርጦ ያልፋል።

በላክቶፌኖል ኮተን ብሉ (ፈንገስ የሚቀልም ሰማያዊ ቀለም) የተሠሩ ስላይዶችን ጠርዛቸውን በጥፍር ቀለም አሽጉ። ሱቅ የሚሸጠው ተራው የጥፍር ቀለም ይበቃል። ለብዙ ወራት ይቆያሉ።

አራተኛ፦ ሚዲያ ማዘጋጀት (ከፍታንም ኑግንም አትርሱ)

ዋናው ሚዲያ (ፈንገሱ የሚያድግበት ምግብ) ሳቡሮ አጋር ነው። ስያሜው ከፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ሬይሞን ሳቡሮ የመጣ ነው። ሁለት ዓይነት አዘጋጁ። አንዱ ባክቴሪያ የሚከለክለው ክሎራምፌኒኮል ብቻ ያለበት፣ ሌላው ሳይክሎሄክሲማይድ የተጨመረበት። ሳይክሎሄክሲማይድ ከአየር የሚገባውን ሻጋታ ይከለክላል፣ ለቆረቆርና ለጭርት ናሙና ግሩም ነው። ግን ክሪፕቶኮከስን፣ ሙኮርን፣ አብዛኛውን አስፐርጊለስና አንዳንድ ካንዲዳዎችንም ያፍናል። እሱን ብቻ የተጠቀመ ሰው «ምንም አላደገም» ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

አሁን ሚዲያውን በእንፋሎት ወደሚያመክነው ማሽን፣ ወደ አውቶክሌቭ። መጽሐፉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላል። ይህ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ አልደረሰም። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ገደማ መጨመር አለበት፤ ለአዲስ አበባ ወደ 19 ይጠጋል። ማሽናችሁ ያንን ያህል የማይፈቅድ ከሆነ አታስገድዱት፤ ጊዜውን አርዝሙ። ሙቀቱን ራሱ የሚለካ ማሽን ያላችሁ ጣጣ የለባችሁም። በተረፈ በባዮሎጂካል ኢንዲኬተር (ማምከኑ መሥራቱን የሚያሳይ መፈተሻ) አረጋግጡ። «ሚዲያችን ሁልጊዜ ኮንታሚኔት ይሆናል» የሚሉ ላቦራቶሪዎችን ስጎበኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ሚዲያ የእኛው ነው፤ ኑግ። በ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ሽታይብ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ በኑግ ፍሬ በተሠራ አጋር ላይ ቡናማ ሆኖ እንደሚያድግ አሳየ። የኑግ ሳይንሳዊ ስም ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነው፤ አገሩ ስሙ ላይ ተጽፏል። ኑጉ ውስጥ ያለውን ካፌይክ አሲድ ፈንገሱ ወደ ሜላኒን ይለውጠዋል። ካንዲዳዎች ይህን ስለማያደርጉ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 50 ግራም ኑግ ፍጩ። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ግማሽ ሰዓት አፍሉና በጨርቅ አጥልሉ። የተነነውን ውሃ መልሳችሁ አንድ ሊትር ሙሉት። ግሉኮስ፣ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ዳይሃይድሮጂን ፎስፌት አንድ አንድ ግራም፣ አጋር 15 ግራም ጨምሩና አውቶክሌቭ አድርጉ። ኑጉን ከገበያ ግዙ፣ ግን ያልተቆላ ይሁን። ከውጭ አስመጥተን የምንገዛው ሚዲያ የሚሠራበት ፍሬ መርካቶ በኪሎ ይሸጣል። ሰልጣኞች ይህንን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ አይረሱትም።

አምስተኛ፦ ናሙና አወሳሰድ (የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን)

ብዙዎች ይህንን በግማሽ ሰዓት ያልፉታል። እኔ ሙሉ ቀን እሰጠዋለሁ።

በመጀመሪያ መጠየቅ። በሽተኛው ቅባት ተቀብቷል? ከፋርማሲ የገዛውን ክሬም ሲቀባ የከረመ ሰው ናሙና ባዶ ሊሆን ይችላል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ሳምንት አቁሞ ይምጣ።

ቆዳውን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። በጋውዝ እንጂ በጥጥ አይሁን፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ጭርት ከሆነ ከመሃል አትፋቁ። ፈንገሱ ሕያው ሆኖ የሚገኘው ዳር ላይ፣ ቀላ ብሎ ከፍ ባለው ጠርዝ ነው።

ቆረቆር ከሆነ ፀጉሩን በመቀስ አትቁረጡ። ፈንገሱ ያለው ሥሩ ጋ ነው። የተሰባበሩትን አጫጭር ፀጉሮችና ጥቋቁር ነጥቦች በወረንጦ ንቀሉ። የሚፈራ ሕፃን ከሆነ በንጹሕ የጥርስ ብሩሽ የታመመውን ቦታ እሹና ብሩሹን አጋሩ ላይ ጫን ጫን አድርጉት። እናቶች ይህን ዘዴ ይወዱታል፣ ልጁም አያለቅስም።

ለጥፍር፣ ከላይ ያለውን ፍርፋሪ ጣሉና ከሥሩ ያለውን ውሰዱ።

ናሙናውን በታጠፈ ንጹሕ ወረቀት አስቀምጡ። ጥቁር ወረቀት ከተገኘ ፍርፋሪው በደንብ ይታያል። እርጥብ ዕቃ ውስጥ አትዝጉት፤ ባክቴሪያ ይወርረዋል። ፍሪጅም አይግባ።

ስለ ውድስ ላምፕ (የአልትራቫዮሌት መብራት) አንድ ነገር። መብራቱ ላይ አረንጓዴ የሚያበሩት እንደ ማይክሮስፖረም ካኒስ ያሉት ናቸው። በአገራችን የቆረቆር ዋና ምክንያት የሆነው ትራይኮፊቶን ቫዮላሲየም ግን አያበራም። ስለዚህ «አላበራም» ማለት «ቆረቆር አይደለም» ማለት አይደለም።

ለልምምድ፣ ሰልጣኞች አንዱ የሌላውን የእግር ጣት መሃል ይፋቅ። ሳቅ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከክፍሉ ውስጥ አንድ እውነተኛ ፖዘቲቭ አይጠፋም።

ስድስተኛ፦ ኬኦኤች እና አራቱ ጥያቄዎች

ለቆዳና ለፀጉር 10 በመቶ፣ ለጥፍር 20 በመቶ ኬኦኤች። አንድ ጠብታ፣ ትንሽ ናሙና፣ ከቨር ስሊፕ። በትንሹ አሙቁት፤ እንዳይፈላ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ጥፍር ሰዓታት ሊፈልግ ይችላል።

ከዚያ የማይክሮስኮፑን ኮንደንሰር ዝቅ አድርጉ። ይህችን አንድ ነገር ያልነገሩት ሰልጣኝ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ብቻ ሲያይ ይውላል። ቀለም የሌለው ነገር በኃይለኛ ብርሃን አይታይም። በ10 ኤክስ ፈልጉ፣ በ40 ኤክስ አረጋግጡ። ሲጨርሱ ሌንሱን ይጥረጉ፤ ኬኦኤች ሌንስ ይበላል።

አሁን እያንዳንዱ ሰልጣኝ ትንሽ ካርድ ይያዝ። ካርዱ ላይ አራት ጥያቄ ብቻ፦

1. ክር ነው ወይስ ክብ?
2. ስፋቱ ከቀይ የደም ሴል ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? (ቀይ የደም ሴል 7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው።)
3. ክሩ ውስጥ መከፋፈያ ግድግዳ አለ?
4. ቅርንጫፉ ወይም እምቡጡ እንዴት ይወጣል?

ስም መጥራት ክልክል ነው። መጀመሪያ አራቱን መልሱ። ይህንን ሕግ በተለይ ሐኪሞቹ ላይ አጥብቁት፤ ስም መጥራት ይቸኩላሉ።

ቫዮላሲየም ያለበት ፀጉር ጆንያ ውስጥ እንደታጨቀ እህል ነው፤ ስፖሮቹ ውስጡ ሞልተዋል። ሌሎች ዝርያዎች ፀጉሩን ከውጭ ይለብሱታል። ቋቁቻ ደግሞ አጫጭር ጠማማ ክሮች ከክብ እርሾ ክምር ጋር ነው። ፈረንጆቹ ፓስታ በስጋ ኳስ ይሉታል፣ ይመስላልም። ቋቁቻን ካልቸር ላይ ለማሳደግ ተራ ሳቡሮ አይበቃም፤ ላዩ ላይ የወይራ ዘይት ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ግን ካልቸር አያስፈልገውም። ኬኦኤች ይበቃል።

ሰባተኛ፦ የጀርባ ፈሳሽ

የማጅራት ገትሩን ክሪፕቶኮከስ የምንፈልገው እዚህ ነው። እዚህ ጋ ቀልድ የለም። በሽተኛው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ፈሳሹን ሴንትሪፊውጅ አድርጉ። ከደለሉ አንድ ጠብታ፣ ከኢንዲያ ኢንክ (ጥቁር ቀለም) አንድ ጠብታ። ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ምንም አይታይም። የእኔ መለኪያ፦ ስላይዱን ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት፣ በቀለሙ ውስጥ ጽሑፉ መነበብ አለበት።

አታላዩ ሊምፎሳይት (ነጭ የደም ሴል) ነው። እሱም ክብ ነው፣ ዙሪያውም ደብዛዛ ብርሃን ሊኖረው ይችላል። የክሪፕቶኮከስ ካፕሱል (እርሾውን የሚከበው ሽፋን) ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። መሃሉ ላይ የእርሾው ግድግዳ በግልጽ ይታያል። እምቡጥ ካገኛችሁ ጥርጣሬው አለቀ። ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቢያንስ ሃያ ጊዜ አለዋውጡባቸው።

ኢንዲያ ኢንክ ኔጋቲቭ ሆነ ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። በተለይ ፈንገሱ ጥቂት ሲሆን ያመልጣል። የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ስትሪፕ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፣ በአሥር ደቂቃ ውጤት ይሰጣል፣ በደምም ይሠራል። ስትሪፑ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ኢንዲያ ኢንክን የማስተምረው ስትሪፕ የሚያልቅበት ወር ስለሚመጣ ነው። ደለሉን ኑግ አጋር ላይም ዝሩት። ፈሳሹን ለካልቸር ስትጠብቁ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት።

ስምንተኛ፦ እርሾዎች

ለጀርም ቲዩብ (ከእርሾው የሚወጣ ቱቦ) ምርመራ ግማሽ ሚሊ ሊትር ሴረም ውሰዱ። ከኮሎኒው በጣም ትንሽ፣ ነካ አድርጋችሁ ብቻ፣ ሴረሙ ውስጥ በትኑ። 37 ዲግሪ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት። ከእርሾው የወጣው ቱቦ መነሻው ላይ ካልቀጠነ ጀርም ቲዩብ ነው። አንገቱ ላይ ከተቆነጠጠ አይደለም። ምሳ ሄዳችሁ አራት ሰዓት ከቆያችሁ ካንዲዳ ትሮፒካሊስም ክር መሥራት ይጀምርና ያሳስታችኋል። ስለዚህ ሰዓት ሙሉ። ፖዘቲቭ ከሆነ ካንዲዳ አልቢካንስ ወይም የቅርብ ዘመዱ ዱብሊኒየንሲስ ነው። በየዙሩ አንድ የታወቀ ፖዘቲቭና አንድ የታወቀ ኔጋቲቭ አብራችሁ ሥሩ።

ክሮሞጂኒክ አጋር (እርሾዎችን በቀለም የሚለይ ሚዲያ) ካለ ሥራው ይቀላል። በብዙዎቹ ላይ አልቢካንስ አረንጓዴ፣ ትሮፒካሊስ ሰማያዊ፣ ክሩሴይ ደግሞ ሻካራ ሮዝ ይሆናል።

ካንዲዳ አውሪስን ግን በቀለም ብቻ አትመኑ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ከአንዲት በሽተኛ ጆሮ ነው መጀመሪያ የተገለጸው፤ አውሪስ በላቲን ጆሮ ማለት ነው። የተለመዱት መለያ ኪቶችና ማሽኖች ሌላ ስም ሊሰጡት ይችላሉ፤ ካንዲዳ ሄሙሎኒ የሚል ውጤት ከመጣ ተጠራጠሩ። ጀርም ቲዩብ ኔጋቲቭ ሆኖ 42 ዲግሪ ላይ የሚያድግ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የመጣ እርሾ ካገኛችሁ ወደ ሪፈራል ላቦራቶሪ ላኩ። እስኪረጋገጥ ድረስም ለኢንፌክሽን መከላከል ቡድኑ ንገሩ። ይህ ፈንገስ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዛመታል።

ሐኪሞቹ ይዘውት እንዲሄዱ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። በአክታ ውስጥ የታየ ካንዲዳ አብዛኛውን ጊዜ የአፍ ነዋሪ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ መድኃኒት አትጀምሩ። በደም ካልቸር የወጣ እርሾ ግን ፈጽሞ «ኮንታሚኔሽን ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ዘጠነኛ፦ ሻጋታዎችና ጥንቃቄ

ከሻጋታ በፊት ደህንነት። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ካያችሁ ሳህኑን በፕላስተር አሽጉት። አታሽትቱት። የባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ካልሆነ አትክፈቱት። ሂስቶፕላዝማን የመሰሉ ፈንገሶች በሰውነት ውስጥ እርሾ፣ በሳህን ላይ ሻጋታ ናቸው። የሻጋታው ስፖር ሲተነፈስ ሠራተኛውን ያሳምማል። እነሱን ከጠረጠራችሁ ስላይድ ካልቸር አትሥሩ።

ለተለመዱት፣ የስኮች ቴፕ ዘዴ ከሁሉ ይቀላል። በቴፑ ኮሎኒውን ነካ አድርጉ፣ ላክቶፌኖል ኮተን ብሉ ጠብታ ላይ ለጥፉ፣ እዩ። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ጭስ የመሰለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ ስፖሮቹ ከራሱ ላይ እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው ይደረደራሉ። ፍላቨስ ቢጫ አረንጓዴ፣ ግንዱም ሻካራ ነው። ናይጀርን ጓዳችሁ ውስጥ ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርት ላይ የሚወጣው ጥቁር ሻጋታ ነው።

በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ሲታዩ ካርዱ እንደገና ይውጣ። የአስፐርጊለስ ክር ቀጭን፣ ግድግዳ ያለው፣ ቅርንጫፉ 45 ዲግሪ ገደማ ነው። የሙኮር ክር ሰፊ ነው፣ እንደ ሪባን ይታጠፋል፣ ግድግዳው ጥቂት ነው ወይም የለም፣ ቅርንጫፉ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ህንድ ውስጥ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው የጎዳው ይሄው ነው፤ በተለይ የስኳር በሽታ ያለባቸውን። የሙኮር ናሙና አይፈጭ፤ ክሩ ተሰባብሮ ይሞታል። በስለት ቁረጡት።

አንድ ማታ አንድ የቀድሞ ሰልጣኝ ደወለልኝ። «ስሙን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ሰፊ ነው፣ ግድግዳ የለውም፣ እንደ ሪባን ታጥፏል» አለኝ። ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሙ ደውል አልኩት። «ነግሬው ነው የደወልኩት» አለኝ። ሙኮር ውስጥ ሰዓት ዋጋ አለው፤ ካልቸር አይጠበቅም።

መተማና ሁመራ አካባቢ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የካላዛር ስላይድ ማንበብ ታውቁበታላችሁ። ሂስቶፕላዝማም ማክሮፌጅ (ጀርም የሚውጥ የመከላከያ ሴል) ውስጥ ይገባል፣ መጠኑም ካላዛርን ከሚያመጣው ሌይሽማንያ ጋር ይቀራረባል። ሌይሽማንያ ከኒውክለሱ ሌላ ኪኔቶፕላስት አለው፤ ትንሽ ጥቁር ዘንግ። ሂስቶፕላዝማ የለውም፤ ዙሪያው ነጣ ያለ ቀለበት አለው። ለማስተማሪያ ስላይድ የት አገኛለሁ ካላችሁ የእንስሳት ሐኪሞችን ጠይቁ። የጋሪ ፈረሶችን የሚያቆስለው የሊምፍ በሽታ የሚመጣው ከዚሁ ዘመድ ነው። ፊክስ ተደርጎ በጂምሳ የተቀለመ ስላይድ ይስጧችሁ።

አሥረኛ፦ ሪፖርት መጻፍና መፈተን

የመጨረሻው ቀን ጠዋት የላቦራቶሪ ባለሙያው ሪፖርት ይጻፍ፣ አጋሩ ሐኪም ያንብብ፣ ምን እንደሚያደርግ ይናገር። «ፈንገስ ታይቷል» ከተባለ ሐኪሙ ምን ያዝዛል? አያውቅም። «ግድግዳ ያለው፣ ቅርንጫፍ ያለው ቀለም የለሽ ክር በኬኦኤች ታይቷል» ከተባለ ያውቃል። ወረቀት ሳይጠብቁ በስልክ የሚነገሩትን አብረው ይስማሙ፦ በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ እርሾ፣ በደም ካልቸር እርሾ፣ ሰፊ ክር ያለበት ማንኛውም ሕብረ ሕዋስ።

ከሰዓት በኋላ ፈተና። አሥር ስላይድ፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው። ስድስት እውነተኛ፣ ሦስት አታላይ፣ አንድ ምንም የሌለበት። ነጥቡን ለአራቱ ጥያቄዎች ስጡ፤ ስም ቢሳሳት ብዙ አትቀንሱ። ጥጥን ፈንገስ ያለ ግን በዚያው ቀን ያንኑ ስላይድ ደግሞ ይይ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ለየተቋማቱ አምስት አምስት ስላይድ ላኩ። መልሱ እስከ ሁለት ሳምንት ካልመጣ ደውሉ። እስካሁን ካየሁት በብዛት የሚሳሳቱት ባዶው ላይ ነው። የተላከ ስላይድ ላይ የሆነ ነገር መኖር አለበት ብለው ያስባሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ሁለት ባዶ ጨምሩ፣ እንዳትነግሯቸው።